የኦል ብላክስን አሰልጣኝ ማን ይምረጥ? እኔን ባይጠይቁኝ ይሻላል

ሹፌሩ (ኦክላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እግር ኳስ ብቻ የምትከታተሉ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ራግቢ ነው። ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ኒውዚላንድ ከገባሁ 17 ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ የኛን ማስላት እየጠፋብኝ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኮት ሮበርትሰን በጃንዋሪ 2026 ከኦል ብላክስ፣ ከኒውዚላንድ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን፣ ዋና አሰልጣኝነት ተነሳ። ውሉ እስከ 2027ቱ ዓለም ዋንጫ ነበር፤ የቆየው ግን ሁለት ዓመት ነው። 27 ጨዋታ አድርጎ 20 አሸንፏል። ሌላ አገር ቢሆን መንገድ በስሙ ይሰየምለት ነበር። እዚህ ሰው የሚቆጥረው ሰባቱን ሽንፈት ነው። በተለይ አምና ሴፕቴምበር ዌሊንግተን ላይ፣ በገዛ ሜዳችን፣ በደቡብ አፍሪካ 43 ለ 10። ያን ቀን ማታ የመጨረሻውን ዙር ስነዳ አውቶብሱ ሙሉ ነው፣ ሁሉም ጥቁር ማሊያ ለብሷል፣ የሚተነፍስ ግን የለም። ከቀብር ሰው የምመልስ ነው የመሰለኝ።

መነሳቱ የተሰማ ዕለት የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ወደ ማረፊያ ክፍላችን ገባሁ። ፈረቃ የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ ተጠርጎ የእጩ አሰልጣኞች ስም ተደርድሮበታል። ጄሚ ጆሴፍ። ዴቭ ሬኒ። ጆ ሽሚት። ሰው ሻዩን ይቀዳና ሲያልፍ በወደደው ስም ሥር ጭረት ይጥላል። አንዱ ነገረኛ ሳሞአዊ ባልደረባዬ የኔን ስም ከታች ጨመረበት። እስከ ምሳ ሰዓት አራት ድምፅ አገኘሁ። እኔ እኮ የራግቢ ኳስ ይዤ አሥር ሜትር ሮጬ አላውቅም!

ስቄ ወጣሁ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። የምር ማን ነው መምረጥ ያለበት?

የኋላውን ለማታውቁት ላውጋችሁ። በ2007 ኦል ብላክስ ካርዲፍ ላይ በሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ 20 ለ 18 ተሸንፎ ከዓለም ዋንጫ ወጣ። ሰው አሰልጣኙ ግራሃም ሄንሪ ተነስቶ ሮቢ ዲንስ ይምጣልን ብሎ ጮኸ። ቦርዱ ያንኑ ሄንሪን መልሶ ሾመ። እኔ ያኔ ገና አልመጣሁም፣ ግን ነባሮቹ ሹፌሮች የትናንት ያህል ያወሩታል። ዲንስ ጓዙን ሸክፎ አውስትራሊያን ሊያሰለጥን ተሻገረ። 2011 ላይ እዚሁ ኦክላንድ ኤደን ፓርክ ተገናኙ። ሄንሪ በግማሽ ፍጻሜ የዲንስን አውስትራሊያ 20 ለ 6 ሸኘ፣ በፍጻሜው ፈረንሳይን 8 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ለዚህኛው ደርሻለሁ። ያን ሌሊት ሁለት ፌርማታ ለመጓዝ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ሰው መንገዱ ላይ ነበር የሚጨፍረው።

2019 መጣ። ከሄንሪ በኋላ የመጣው ስቲቭ ሃንሰን ሊለቅ ነው። ለ26 አሰልጣኞች «አመልክቱ» ተባለ። ገሚሱ ሌላ ውል ፈረመ፣ ገሚሱ አልፈልግም አለ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ቀረ፦ ኢያን ፎስተርና ስኮት ሮበርትሰን። መራጮቹ አምስት ነበሩ። የራግቢ ማኅበሩ ሰብሳቢ ብሬንት ኢምፒ፣ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን የነበረው ማርክ ሮቢንሰን፣ ማይክ አንቶኒ፣ ራሱ ሰር ግራሃም ሄንሪ፣ አምስተኛዋ ደግሞ የኔትቦል (ቅርጫት ኳስ የሚመስል፣ በብዛት ሴቶች የሚጫወቱት) አሰልጣኝ የነበረችው ዴም ዋይማራማ ታውማኑ። ፎስተርን መረጡ።

እኔ ተንጨረጨርኩ። ሮበርትሰን ክሩሴደርስ የሚባለውን ክለብ ይዞ በየዓመቱ ዋንጫ ያነሳል። ባነሳ ቁጥር ሜዳው መሃል ብሬክ ዳንስ ይደንሳል። ይህን ሰው ትቶ ፎስተር? ለሁለት ዓመት ተሳፋሪ ሁሉ «ምን ትላለህ?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነበር፦ ሮበርትሰን።

ተሰማልን። በማርች 2023፣ ፎስተር ገና ወንበሩ ላይ እያለ፣ ዓለም ዋንጫው ሳይጀመር፣ ተተኪው ሮበርትሰን ነው ተብሎ ታወጀ። ፎስተር ምን አደረገ? ቡድኑን ይዞ ፓሪስ፣ ፍጻሜ። አምበሉ ሳም ኬን ቀይ ካርድ አይቶ በ14 ሰው ተጫውተው በደቡብ አፍሪካ 12 ለ 11 ተሸነፉ። በአንድ ነጥብ!

እና ሒሳቤ ይኸው። በ2007 ሕዝቡ ተሳሳተ። በ2019 ማን እንደተሳሳተ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በ2023 የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ።

አንድ የቤት ገመና ልጨምር። አምና የልጄ ቡድን (13 ዓመት ነው) አሰልጣኝ ጎደለበት። ወላጆች ሶሴጅ እየጠበስን ተሰበሰብን። ቫን ያለው አንድ ደስ የሚል ሰውዬ ነበር፤ ልጆቹን በነፃ ያመላልስልናል። እሱ ይሁን ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ፣ ቅዳሜ ሥራ ስለምገባ ልጄን ሜዳ የሚያደርስልኝ እሱ ነበራ። ራግቢ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ስክረም ታውቃላችሁ፣ ሁለቱ ቡድን ጎንበስ ብሎ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ የሚገፋፋው። እሱን እንዴት እንደሚገቡ በወጉ ያሳያቸው አልነበረም። ልጄ አንገቱን ይዞት ሁለት ሳምንት ጭንቅላቱን ማዞር አቅቶት ተቀመጠ። ሲሻለው ምን አለኝ? «አባዬ፣ እኛን ማን ጠየቀን?»

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቦርድ? ኮሚቴ? ተጫዋቾቹ? ሰሌዳ ላይ ጭረት የሚጥለውን ግን ተዉት፣ አራት ድምፅ አግኝቼ አይቼዋለሁ።

ባለሱቁ (ጄፒ፣ ጆሃንስበርግ)

ወንድሜ ሹፌሩ፣ በቅድሚያ የ43 ለ 10 እግዜር ያጥናችሁ። ያን ሳምንት አረንጓዴ ማሊያ ከመደርደሪያዬ አልቆ ከጎረቤት ተበድሬ ነው የሸጥኩት።

ፎስተርህን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፣ አክስሮኛል። ኤሊስ ፓርክ ከሱቄ በእግር ይደረሳል። በኦገስት 2022 ኦል ብላክስ ሊጫወት ሲመጣ ሰውየው አንድ ሐሙስ ነው የቀረው ይባል ነበር። በአየርላንድ በአገሩ ተሸንፏል፣ ከሳምንት በፊት ደግሞ ምቦምቤላ ላይ እኛ 26 ለ 10 አድርገነዋል። እኔም ይኼማ አለቀለት ብዬ ስልሳ አረንጓዴ ኮፍያ አስገባሁ። 35 ለ 23 አሸነፈና አረፈው! ከስታዲየም የሚመለሰው ሰው ሱቄን ቀና ብሎም አላየ። ሃያ ኮፍያ እስከ ክሪስማስ አቧራ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ከጎኑ ቆሙ፣ ቦርዱም አቆየው። ስለዚህ «ተጫዋች ይምረጥ ወይ» ላልከው፣ አንዴ መርጠውልሃል እኮ። ያውም ሜዳ ላይ።

ወደ ጥያቄህ። እኛ ጋ ራሲ ኢራስመስ አለ። በ2018 የራግቢ ዳይሬክተርም አሰልጣኝም ሆኖ ገባ። በ2019 ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸንፎ ዋንጫ። ከዚያ አሰልጣኝነቱን ለባልንጀራው ለዣክ ኒናበር ሰጥቶ እሱ ከላይ ሆነ። በ2023 ያችን 12 ለ 11። ኒናበር አየርላንድ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ራሲ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ። ወረቀቱን የሚፈርመው ማኅበሩ ነው፣ ግን ቤቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን እወዳለሁ። ሱቅ ስትለቅ ቁልፉን ለማን እንደምትሰጥ ታውቃለህ፣ አምስት ሰው ኮሚቴ አታቋቁምም።

ሌላም ነገር አለ። ማን መረጠ ከሚለው እኩል፣ የመረጠው ሰው አፉ ምን አለ የሚለው ይከብዳል። በ2008 ፒተር ዴ ቪሊየርስ ተሾመ። ነጭ ያልሆነ የመጀመሪያው የስፕሪንግቦክስ፣ የብሔራዊ ቡድናችን፣ አሰልጣኝ ነው። የሾመው የማኅበሩ ፕሬዝዳንት በዚያው መድረክ ላይ ምርጫው በራግቢ ብቻ እንዳልሆነ ተናገረ። በቃ። ሰውየው ገና ልምምድ ሳይጀምር «በችሎታው አይደለም የገባው» የሚለውን ሐሜት ተሸክሞ ገባ። በ2009 ላየንስን (የብሪታንያና የአየርላንድን ጥምር ቡድን) አሸነፈ፣ በዚያው ዓመት ኦል ብላክስን ሦስት ጊዜ መታ። ሐሜቱ ግን አልለቀቀውም። እኔ ያኔ አዲስ ገቢ ነበርኩ፣ ራግቢ አይገባኝም፤ ይህቺ ግን ወዲያው ገባችኝ። ሲቀጥርህ «በዘመድ ነው ያስገባሁት» ብሎ ለሰው የሚያወራ አለቃ ኖሮኝ ያውቃል።

ክንፍ ተከላካይ (ዌሊንግተን)

ሰላም ጋሼ። እዚህ ነው ያደግኩት፣ አማርኛዬ ላይ እንዳትስቁ። ኔትቦል ነው የምጫወተው፣ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

ዴም ዋይማራማን «የኔትቦል አሰልጣኝ የነበረችው» ብለው ሲጠቅሷት ትንሽ የተገረሙ መሰለኝ። ወይ እኔ ነኝ እንዲህ ያነበብኩት? እኔ ከአምስቱ በጣም የምትጠቅመው እሷ ነበረች ባይ ነኝ። ተጫውታለች፣ አምበል ነበረች፣ ሲልቨር ፈርንስን፣ የኔትቦል ብሔራዊ ቡድናችንን፣ አሰልጥናለች፣ እና የመጣችው ከራግቢ ውጭ ነው። ሄንሪ ግን ጓደኛ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ የኔ የሚለው የአጨዋወት መንገድ አለው። ሁሉም የራግቢ ሰው እንዲህ ነው። ትንሽ አገር ናት፣ ሁሉም የሁሉም ረዳት ሆኖ ያውቃል።

ስለ ተጫዋቾቹ ግን የኔትቦልን ነገር ልንገራችሁ። በ2018 ኮመንዌልዝ ላይ ሜዳሊያ አጣን። አሰልጣኟ ለቀቀች፣ ኖሊን ታውሩዋ መጣች፣ በዓመቱ ሊቨርፑል ላይ አውስትራሊያን 52 ለ 51 አሸንፋ ዓለም ዋንጫ አመጣች። እንደ ንግሥት ነበረች። አምና ሴፕቴምበር ላይ ግን በቡድኑ ውስጥ ባለው ድባብ ቅሬታ ተነሳና ከሥራ ታገደች። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ተመለሰች። በመሃል አገሩ ለሁለት ተከፈለ። እኔ በምጫወትበት ክለብ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች እስካሁን አይነጋገሩም። በዚህ ነገር! ሁለቱም እሷን በአካል አያውቋትም።

ተጫዋች መምረጥ አለበት አልልም። ሲመረጥ ዝም ብለው፣ ሲከፋቸው ብቻ ሲጠየቁ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ያኔ ድምፃቸው ምክር መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል። የልጅዎ ጥያቄ ትክክል ነበር። አንገቱ ተሻለው?

አቡ ሲድኒ

ሰሌዳችሁ ላይ ዴቭ ሬኒ የሚል ስም ካለ እኔ የምለው አለኝ። እሱን ያባረርነው እኛ ነን።

በ2023 ጃንዋሪ፣ ዓለም ዋንጫ ሊጀመር ስምንት ወር ሲቀረው። ኤዲ ጆንስን እንግሊዝ ካሰናበተው ወር ከምናምን ነው። የኛ ማኅበር ሰብሳቢ ሃሚሽ ማክሌናን አየው፣ ወደደው፣ ሬኒን አሰናብቶ በዚያው ቀን ጆንስን አስገባ። እስከ 2027 ውል። ወደብ ላይ የማውቀው አንድ ክሬን ኦፕሬተር አለ፣ የድሮ ተጫዋች ነው፣ «ሰው ሚስቱን ሲፈታ እንኳ ከዚህ በላይ ይቆያል» ብሎኝ ነበር።

ጆንስ ሲመጣ አምበል የነበረውን ማይክል ሁፐርን ከዓለም ዋንጫው ስብስብ አስቀረ፣ ኩዌድ ኩፐርንም። ፈረንሳይ ሄድን። በፊጂ 22 ለ 15። በዌልስ 40 ለ 6። አውስትራሊያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ሳታልፍ ቀረች። በዓመቱ ውስጥ ያሸነፍነው ጆርጂያንና ፖርቱጋልን ብቻ ነው። በኦክቶበር ጆንስ ለቀቀ፣ ዲሴምበር ላይ የጃፓን አሰልጣኝ ሆኖ ብቅ አለ። በመሃሉ በኖቬምበር ሰብሳቢውም ተነሳ።

ጄፒ ያለኸው ወንድሜ፣ «ቁልፉን አንድ ሰው ይስጥ» ያልከው ራሲ ሲሆን ነው የሚያምረው። ራሲ የቡድኑን ጓዳ ያውቃል። የኛው ሰውዬ የመጣው ከማስታወቂያና ከሚዲያ ሥራ ነው፤ የመረጠው ጋዜጣ የሚያሞቅለትን ሰው ነው። ሞቀለትም። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፦ መራጩ ማን እንደሆነ አገር ያውቅ ነበር፣ ሲበላሽም አብሮ ሄደ። የኦክላንዱን አምስት ሰው ማን ጠየቀው?

እና እባካችሁ ሽሚትን ከሰሌዳው ላይ ፋቁልን። ከጆንስ በኋላ መጥቶ ቤታችንን ያጸዳልን እሱ ነው፣ ያውም የናንተው ሰው። ከእሱ በኋላ ሌስ ኪስ ቦታውን እንደሚይዝ ደግሞ ገና በ2025 ነው አስቀድሞ የተነገረው። ይህቺ ትመቸኛለች፣ ድንገት የለም።

ፒያሳ 05

ራግቢ አላውቅም፣ ግን ወሬው ሲጥም አነበብኩት። ምቦምቤላ ስትሉ ነው የነቃሁት። በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጡበት ሜዳ አይደል እንዴ? ያ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የገባው በሰውነት ቢሻው ነው። ያኔ ሠፈር ውስጥ አሰልጣኙ ይነሳ የሚለውም፣ ሐውልት ይሠራለት የሚለውም አንድ ሰው ነበር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ጎረቤቴ ነው፣ ስም አልጠራም።

ባለሱቁ (ጄፒ፣ ጆሃንስበርግ)

@ፒያሳ 05 ራሱ ነው! ከጆበርግ በሚኒባስ ተጭነን ሄደን፣ ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርገነው። ድምፄ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ሱቅ ውስጥ በጣቴ ነበር ዋጋ የምናገረው።

ሹፌሩ (ኦክላንድ)

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። እህቴ፣ አንገቱ ድኗል፣ አሁን ስክረም የሌለበት ቦታ፣ ዳር ላይ ነው የሚጫወተው። ስለ ዴም ዋይማራማ ደግሞ ልክ ነሽ፣ ተገርሜ ነበር። ያኔ በ2019 «ኔትቦል ምን አገባው» ብለው ካላገጡት አንዱ ነበርኩ። አንቺ ስትይው ነው ያፈርኩት።

ያቡ ሲድኒ ነገር ውስጤ ቀረ። አምስቱን ማን ጠየቃቸው? ማንም። ኮሚቴ ሲሆን ሽንፈቱ ለአምስት ይካፈላል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። እኔ አውቶብስ ባጋጭ ስሜ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ «የኦክላንድ ሹፌሮች አጋጩ» አይባልም። ስለዚህ አሁን ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ፦ ኮሚቴው ይሁን፣ ከውጭ የመጣ ሰው ይኑርበት፣ ተጫዋቾቹን ቀድሞ ይስማ፤ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ስሙን ይፈርምና እስከ 2027 አብሮ ይቁም። ማኅበሩን አሁን የሚመራው ዴቪድ ኪርክ ነው፣ የ1987ቱን ዋንጫ በአምበልነት ያነሳው። ፊርማ የማይፈራ ሰው ይመስለኛል። እናያለን።

ባለሱቁ፣ የ2022ቱ ኮፍያ ከተረፈህ አንድ ላክልኝ፣ ለዚያ ሳሞአዊ እሰጠዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ሰሌዳው ተጠርጓል። ጆሴፍም፣ ሬኒም፣ ሽሚትም የሉም። የኔ ስም ብቻ ቀርቷል። አራቱ ጭረቶች ተፍቀው ከጎኑ «እሑድ፣ ጠዋት 5:10» ተጽፎበታል።